እናቴ ስንት ካርድ አላት?
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ጤና ተቋማት ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር መዝገብ፣ ባለሙያዎቹ «ኢኤምአር» ወደሚሉት፣ ሲሻገሩ የሚገጥመው ነገር። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጠያቂዎቹንም የተቋሞቻቸውንም ስም ሳንጠቅስ ከመልሱ ጋር አቅርበናቸዋል። የካርድ ክፍሉ ጥያቄ ላይ ረዘም ብለን ቆይተናል፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ ነው።

«እናቴ የስኳርና የደም ግፊት ታማሚ ናት። የምንኖረው ኮምቦልቻ ስለሆነ መድኃኒቷን የምትወስደው እዚያ ነው፤ ሲብስባት ግን ደሴ እናደርሳታለን። ደሴ ስንደርስ አዲስ ካርድ ይወጣላታል፣ ጥያቄውም ምርመራውም እንደ አዲስ ይጀመራል። ሁለቱም ጋ ኮምፒውተር ካለ አንዱ የሌላውን ለምን አያይም?» — ከኮምቦልቻ

እህታችን፣ ኮምፒውተር መኖሩ ሌላ፣ ኮምፒውተሮቹ መነጋገራቸው ሌላ ነው። በብዙ ቦታ እያንዳንዱ ተቋም መዝገቡን የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር (መረጃ በሚያከማች ዋና ኮምፒውተር) ላይ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሐረጎን አቋርጦ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መረጃው ያን መንገድ እንዲሄድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። በመጀመሪያ እናትዎ ኮምቦልቻም ደሴም ያው አንድ ሰው መሆናቸው የሚለይበት የጋራ ቁጥር ያስፈልጋል። ከዚያ ሁለቱ ሶፍትዌሮች መረጃ የሚለዋወጡበት የጋራ አጻጻፍ ያስፈልጋል፤ ዛሬ በዓለም በስፋት የሚሠራበት ኤችኤልሰቨን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው «ፋየር» የተባለ ደረጃ ነው። ሦስተኛው ማን ምን ለማን መላክ እንደሚችል የሚወስን የተቋማቱ ስምምነት ነው። ሁለቱ ተቋማት አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ቢጠቀሙ እንኳ የመጀመሪያው ከሌለ እናትዎ ሁለት ሰው ሆነው ይቀራሉ።

ይህ እስኪሟላ ድልድዩ እርስዎ ነዎት። አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ። ሙሉ ስማቸው እስከ አያት፣ የትውልድ ዓመታቸው፣ ኮምቦልቻም ደሴም ያላቸው የካርድ ቁጥር፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ሳጥኑ ላይ እንደተጻፈው ከሚሊግራሙና ከሚወሰድበት ሰዓት ጋር፣ የማይስማማቸው መድኃኒት ካለ ምን እንዳደረጋቸው፣ የመጨረሻው የኩላሊት ምርመራ ውጤት (ክሬአቲኒን) ከነቀኑ ይጻፍበት። የቆመ መድኃኒት ካለም የቆመበት ምክንያት ይጻፍ፤ እሱ ካልተጻፈ ቀጣዩ ሐኪም በቅን ልቦና መልሶ ያስጀምራል። ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፣ የመድኃኒት ሳጥኖቹንም ይዘው ይሂዱ።

በስኳር ታማሚ ላይ በጣም የምንፈራው አንድ ስህተት አለ። አንዱ ተቋም «ግሊቤንክላሚድ» ብሎ ያዛል፣ ሌላው «ዳኦኒል» ብሎ ይሰጣል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። እናት ሁለቱንም ይውጣሉ፣ ሌሊት ስኳራቸው ይወርድና ጠዋት አልነቃም ይላሉ። የሁለቱን ቦታ ትዕዛዝ ጎን ለጎን የሚያሳይ መዝገብ ቢኖር ፋርማሲው ላይ ይያዝ ነበር፤ ለጊዜው የሚይዘው ያ ወረቀት ነው። ክሬአቲኒኑን እንዲጽፉ ያልነውም ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ኩላሊት ሲደክም መጠኑ ስለሚቀነስ ወይም ስለሚቆም ነው። ለጉልበት ሕመም ተብሎ ከሱቅ የሚገዛ ዳይክሎፌናክ ካለም ሳይደብቁ ይጻፉት፤ ከደም ግፊት መድኃኒቱ ከኢናላፕሪል ጋር ሆኖ ኩላሊትን ይጎዳል።

«ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ታማሚው ‹ካርድ አለኝ› ይላል፣ ስሙን ስፈልገው ግን አይመጣም። ወረፋው እስከ በር ስለሚደርስ አዲስ አወጣለታለሁ። አሁን ሦስትና አራት ካርድ ያለው ሰው ብዙ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው ወይስ የሲስተሙ?» — ከደሴ

ወንድማችን፣ ሲስተሙ ሲተከል የወሎን ስም ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ይጀምራል። ስም በላቲን ፊደል የሚመዘገብ ከሆነ «መሐመድ» በአንድ ኤም ወይም በሁለት፣ በኦ ወይም በዩ እየተጻፈ ብቻውን አራት አምስት መልክ ያወጣል። ሰይድ፣ እንድሪስ፣ ፋጡማ፣ ዘይነባም እንዲሁ። በግዕዝ ፊደል ሲሆን ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ አሉ። ለጆሯችን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው፤ «ሐሰን» ተብሎ የገባ ሰው «ሀሰን» ተብሎ ቢፈለግ የለም ይባላል።

ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል፤ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ለዓይን የማይታይ ሁለተኛ ቅጂ ይፈጠራል። በዚያ ቅጂ ውስጥ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ይለወጣሉ። ሀና ሃ፣ አና ኣም አንድ ይደረጋሉ። እርስዎ የሚተይቡት ስም በዚያው ወንፊት አልፎ ይነጻጸራል። ለፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሶፍትዌሩን ያቀረበላችሁን ክፍል በደብዳቤ ጠይቁ።

እስከዚያ የአፈላለግ ቅደም ተከተላችሁን አስተካክሉ። በካርድ ቁጥር ጀምሩ። ከሌለ በስልክ ቁጥር፤ በቤተሰብ አንድ ስልክ የሚጋሩ ብዙ ስለሆኑ ስልክ ያቀርባል እንጂ አያረጋግጥም። ከዚያ የራስ ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ከአባት ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ጋር፣ ጾታ ተጨምሮበት። ሙሉ ስም መተየብ ፍለጋን ያጠባል፣ የተመዘገበበት አጻጻፍ ካልገጠመም ሰውዬውን ይደብቀዋል። ዝርዝሩ ሲመጣ የአያት ስም፣ የእናት ስምና ቀበሌ ይለያል፤ ደሴ ውስጥ ሰይድ አሊ መሐመድ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስትጠይቁም «ሰይድ አሊ ነዎት?» አትበሉ፤ የታመመ፣ የደከመ ወይም ጆሮው የማይሰማ ሰው ለሁሉም አዎ ይላል። «ስምዎ ማን ነው?» በሉና እሱ ራሱ ይናገር።

ዕድሜ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዓመቱ ሳይለወጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ሳጥን ውስጥ «2017» ተብሎ ቢገባ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ይታያል። ሲስተሙ መድኃኒቱን በዕድሜ የሚመዝን ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። ቀኑን በእጅ ከመለወጥ ይልቅ ሲስተሙ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ተቀብሎ ራሱ እንዲለውጥ ይደረግ፤ ጳጉሜንም ይቀበል፤ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ሳጥን ጳጉሜ 3 የተወለደን ሕፃን መመዝገብ አይችልም። የትውልድ ቀኑን ለማያውቅ ሰው ደግሞ «በግምት» የሚል ምልክት ይኑር፤ ግምት እንደ እውነት ሲገባ ከሌላ ካርድ ጋር መግጠሙ ይከለከላል።

የፋይዳ ቁጥር ብዙ ያግዛል፤ 12 አሃዝ ስለሆነና ለአንድ ሰው አንድ ስለሚሰጥ። ቢሆንም የካርድ ቁጥሩ ምትክ አታድርጉት፤ ከካርድ ቁጥሩ ጎን ይቀመጥ። አደጋ ደርሶበት ራሱን ስቶ የመጣ ሰውና ዛሬ የተወለደ ሕፃን ፋይዳ ይዘው አይመጡም፣ ሕክምናቸውም ሊጠብቅ አይችልም። ማንነቱ ላልታወቀ ሰው ጊዜያዊ ቁጥር ስጡና ቤተሰብ ሲደርስ አዋህዱ። ሕፃኑ የራሱ ቁጥር ይኑረው፣ ከእናቱ ቁጥር ጋር ይያያዝ፤ መንታ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ከማዋለጃ ክፍሉ ሳይወጡ ለየብቻ ይመዝገቡ።

ካርድ ሲዋሃድ ተጠንቀቁ። አንድ ሰው ሁለት ካርድ ቢኖረው መጥፎ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ካርድ ቢገባ ግን ከዚያ እጅግ የከፋ ነው፤ የአንዱ የደም ዓይነት በሌላው ላይ ይታያልና። ስለዚህ ማዋሃድ በወረፋ መሃል፣ በአንድ ሰው ብቻ አይደረግ። ሁለት ሠራተኛ ይየው፣ ቢያንስ ሦስት መለያ ይግጠም፣ አሮጌው ቁጥር አይሰረዝ። አሮጌውን ቁጥር የተየበ ሰው ወደ ዋናው እንዲደርስ ሆኖ ይቀመጥ።

ቁጥሩ ራሱም መከላከያ ሊኖረው ይችላል። መጨረሻው ላይ ከሌሎቹ አሃዞች የሚሰላ አንድ አሃዝ ይጨመራል። በታወቀው የሉን ስሌት ለምሳሌ 12345 የሚለው ቁጥር መጨረሻው ላይ 5 ይጨመርለትና 123455 ይሆናል። ሠራተኛው 4ና 5ን አዟዙሮ 123545 ብሎ ቢተይብ ስሌቱ 7 እንጂ 5 ስለማይል ሲስተሙ ወዲያው ይመልሰዋል። አንድ አሃዝ ሲሳሳት ሁልጊዜ ይይዛል፤ ጎረቤት አሃዞች ሲዟዟሩ ከ0ና ከ9 ጥንድ በቀር ይይዛል።

«የተኝቶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ትዕዛዙ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ወዲህ የመድኃኒት ሰዓት ያወዛግበናል፣ ርክክባችንም ‹ሁሉም ሲስተሙ ላይ አለ› በሚል አጥሯል።» — ከኮምቦልቻ

የሰዓቱን ጉዳይ እናስቀድም። በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ሲስተሙ 06:00፣ 14:00፣ 22:00 ብሎ ያወጣዋል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ማለት ነው። ተረኛዋ 06:00ን «6 ሰዓት» ብላ ካነበበችው ቀን ስድስት ላይ ትሰጣለች። 14:00 ግን ከ12 ስለሚበልጥ አያሳስትም፣ በትክክል ቀን ስምንት ላይ ይሰጣል። የስምንት ሰዓት ልዩነት ሊኖራቸው የሚገባ ሁለት ዶዞች በሁለት ሰዓት ውስጥ ገቡ ማለት ነው፤ ኢንሱሊን ሲሆን ምን እንደሚያስከትል እርስዎ ያውቁታል። ማያ ገጹም የሚታተመው ወረቀትም ሁለቱን ሰዓት አንድ ላይ ያሳይ፦ «06:00፣ ጠዋት 12»። ይህ እስኪስተካከል በየአልጋ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የ24 ሰዓቱ ማመሳከሪያ ይለጠፍ፣ አዲስ የሚመደብ ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይታይለት።

«ተሰጥቷል» የሚለው ምልክት መድኃኒቱ በተሰጠበት ደቂቃ ይደረግ። ፈረቃው ሲያልቅ የሁሉንም አንድ ላይ መሙላት የተለመደ ነው፣ ጉዳቱም ከባድ ነው። ማታ ሕመምተኛው የደም ግፊቱ ሲወርድ ሐኪሙ መድኃኒቱ መቼ እንደገባ የሚያይበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከአልጋው ርቆ በነርሶች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ካለ ይህን መጠበቅ ግፍ ነው፤ በጎማ የሚንቀሳቀስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ክፍል ይጠየቅ።

ርክክቡን በተመለከተ፣ ሲስተሙ ላይ ያለው የተደረገው ነው። ሊሆን የሚችለው እዚያ ላይ የለም። አልጋ አጠገብ ቆመው አራት ነገር ይነጋገሩ፦ በምን ተኝቷል፣ በዚህ ፈረቃ ምን ተለወጠ፣ ምን ውጤት ወይም ምን ውሳኔ እየተጠበቀ ነው፣ ሌሊት እንዲህ ቢሆን ማን ይጠራ፣ ምን ይደረግ። አራተኛውን የሚያውቀው የሚወጣው ነርስ ብቻ ነው።

«ጤና ጣቢያ ነኝ፣ አዋላጅ ነርስ። እናትን ወደ ሆስፒታል ሳስተላልፍ የሪፈር ወረቀቱ ከአምቡላንሱ ጋር ይሄዳል፤ ግብረ መልስ ግን አይመጣም። ኤሌክትሮኒክ ሪፈራል ምን ይጨምራል?» — ከደሴ ዙሪያ

እህታችን፣ ትልቁ ጥቅሙ መልእክቱ ከእናትየው ቀድሞ መድረሱ ነው። ሪፈር የሚቀበለው የሆስፒታሉ ላይዘን ክፍል አምቡላንሱ በር ላይ ከመድረሱ በፊት ደም ማዘጋጀት፣ የቀዶ ሕክምና ቡድኑን መጥራት ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ቅጹ ትክክለኛውን ነገር ከጠየቀ ነው። «ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ለተሻለ ሕክምና» የሚል መስመር ለማንም አይጠቅምም።

በኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር በሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ የምትላክ እናት የማግኒዥየም ሰልፌት መነሻ ዶዝ ጤና ጣቢያው ላይ ከወሰደች፣ ማለትም 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ መቀመጫዎች ጡንቻ ከገባላት፣ መጠኑና የተሰጠበት ደቂቃ በቅጹ አናት ላይ መሆን አለበት። ቀጣዩ 5 ግራም በአራተኛው ሰዓት ነው። ሰዓቱ ካልተጻፈ ተቀባዩ መነሻውን ሊደግመው ይችላል፤ ትንፋሽ ይዳከማል፣ የጉልበት ምላሽ ይጠፋል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም፣ ማለትም የ10 በመቶው 10 ሚሊ ሊትር፣ በዝግታ በደም ሥር ነው፤ ከማርከስ ግን ሰዓቱን መጻፍ ይቀላል። ሰዓቱን «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» ከሚል ቃል ጋር ይጻፉት። የእርግዝናው ሳምንት፣ የደም ዓይነትና አርኤች፣ የሄሞግሎቢን መጠን፣ ከመነሳቷ በፊት የተለካ የደም ግፊት ይከተላሉ።

ግብረ መልሱ የማይመጣው ሁልጊዜ በንቀት አይደለም፤ የመጻፍ ኃላፊነቱ የማንም ስላልሆነ ነው። የሆስፒታሉ ሲስተም እናት ስትወጣ የሚጻፈውን የመውጫ ማጠቃለያ ያለ ተጨማሪ ጽሕፈት ወደ ላኪው ጤና ጣቢያ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ሪፈራሉ ሲከፈት የላኪው ተቋም ስም ከዝርዝር ተመርጦ መግባት አለበት፤ በነጻ ጽሑፍ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ወዴት እንደሚልክ አያውቅም።

«ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ውጤቱን ሲስተሙ ላይ እናስገባለን፤ ሐኪሙ ግን ‹አላየሁም› ይላል።» — ከደሴ

ለሕይወት አስጊ የሆነ ውጤት በሲስተም ብቻ አይላክም። ፖታሲየም ከ6 ሚሊሞል በላይ ሲሆን ወይም የደም ስኳር ከ50 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ስልክ ይደወላል፣ የተቀበለው ሰው ቁጥሩን መልሶ ይናገራል፣ ስሙና ደቂቃው ይመዘገባል። ገደቦቹን ሆስፒታሉ ራሱ በጽሑፍ ይወስን። ፖታሲየም በጣም ከፍ፣ ካልሲየም ደግሞ በጣም ዝቅ ብሎ አንድ ላይ ከመጣ ከመደወልዎ በፊት ናሙናውን ይዩት፤ ሐምራዊ ክዳን ካለው ቲዩብ ወደ ሌላው ደም ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምክንያት የሐኪሞች ዝውውር ነው። ውጤቱ የሚሄደው ላዘዘው ሐኪም የግል ሳጥን ከሆነና እሱ ወሩ ሲያልቅ ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ፣ በአምስተኛው ቀን የሚደርስ የካልቸር (ተህዋሲውን አሳድጎ የማየት ምርመራ) ውጤት ማንም የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይተኛል። የሳንባ ነቀርሳ ካልቸርማ ከስድስት ሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል። ውጤቱ ለክፍሉ ወይም ለክሊኒኩ የጋራ ሳጥን ይላክ፣ በየጠዋቱ የሚከፍተው ተረኛ ይሰየም። ታማሚው ሲወጣም «ያልደረሱ ውጤቶች» የሚል ቦታ ማጠቃለያው ላይ ባዶ ሆኖ እንዳያልፍ ይደረግ። ስቲከሩ ቲዩቡ ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ እዚያው ታማሚው አጠገብ ነው፤ አስቀድሞ ተለጥፎ በትሪ ላይ የተደረደረ ቲዩብ የሰው ደም ያቀያይራል።

«የሆስፒታል አይቲ ባለሙያ ነኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ‹ሲስተም የለም› ይባላል። ሰርቨሩ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ አለው። ምን ይደረግ?» — ከኮምቦልቻ

አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ በርቶ ሳለ ነው «ሲስተም የለም» የሚባለው። ኮምፒውተሮቹን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኙት፣ በየኮሪደሩ የተሰቀሉት የኔትወርክ ስዊቾች ዩፒኤስ ስለሌላቸው ከመብራቱ ጋር ይጠፋሉ። ከሰርቨሩ ክፍል ጀምረው እስከ ድንገተኛ ክፍሉ ኮምፒውተር ድረስ መስመሩን በእግርዎ ይከተሉና በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ በምን እንደሚሠራ ይጻፉ። ለአንድ ስዊች ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃዋል፣ ኃይል የሚወስደው ጥቂት ነው።

የሰርቨሩንም ያስሉት። ባለ ሁለት ባትሪ ዩፒኤስ፣ እያንዳንዱ 12 ቮልትና 9 አምፔር-ሰዓት ከሆነ፣ የያዘው 216 ዋት-ሰዓት ነው። 300 ዋት ለሚወስድ ሰርቨር በወረቀት ላይ 43 ደቂቃ ይመስላል፤ ባትሪ በፍጥነት ሲራገፍ የሚሰጠው ስለሚቀንስና መለወጫውም ስለሚበላ በተግባር ግማሹን ያህል ይጠብቁ። ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ዩፒኤሱ ጄኔሬተር እስኪነሳ መሸጋገሪያ ነው። የጄኔሬተሩ ተረኛ ሌሊት ማን ነው፣ ነዳጁ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ የአይቲ ጥያቄ ነው።

ዋናው ሰርቨር ግቢ ውስጥ ይሁን እንላለን። በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አይተናል፤ የታማሚው አለርጂ ከግቢ ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ በዚያ ጊዜ የለም ማለት ነው። ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ግን ግቢ ውስጥ ብቻ መሆን የለበትም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ የጤና ተቋማት ከነዕቃቸው ተዘርፈዋል፣ ደሴና ኮምቦልቻም የተያዙት በተቀራራቢ ቀናት ነው። አንዱ ከተማ ለሌላው መጠባበቂያ መሆኑ ለእሳት ይበቃል፣ ለእንዲህ ያለው ቀን ግን አይበቃም። ሦስት ቅጂ ይኑር፦ የሚሠራበት፣ በሌላ ሕንፃ ያለ፣ በሩቅ ከተማ ያለ። ከግቢ የሚወጣው በቁልፍ የተመሰጠረ ይሁን፣ ቁልፉም ከአንድ ሰው በላይ ዘንድ ይኑር። በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን በባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ይክፈቱት፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ይቁጠሩት።

በየአልጋ ክፍሉ ደግሞ «ሲስተም ሲጠፋ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አቃፊ ይቀመጥ፤ ባዶ የትዕዛዝ፣ የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ቅጾች፣ በየፈረቃው መጀመሪያ የታተመ የታማሚዎች ዝርዝር ከአለርጂና ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር። አሮጌው ዝርዝር አዲሱ ሲመጣ ይቀደድ። ሲስተሙ ሲመለስ አለርጂ፣ የተሰጠ መድኃኒትና አስጊ ውጤት ቀድመው ይግቡ፤ ሌላው ማስታወሻ መጠበቅ ይችላል።

«የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ። ኮምፒውተር ላይ ከገባ የሰፈሬ ሰው ሁሉ ያየዋል ብዬ እፈራለሁ።» — ከደሴ

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። በወረቀት ጊዜ ካርድዎን ማን እንደገለጠው አይታወቅም ነበር፤ በደንብ በተሠራ ሲስተም እያንዳንዱ መክፈት በስምና በደቂቃ ይመዘገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ያስቀምጠዋል። መዝገብዎን ማን እንደከፈተ እንዲነገርዎ የተቋሙን ኃላፊ ይጠይቁ። ሠራተኞች አንድ ፓስወርድ የሚጋሩበት ተቋም ግን ይህን ሊመልስልዎ አይችልም፤ ኃላፊዎች የሚያነቡን ከሆነ እባካችሁ ይህን ዛሬውኑ አስቁሙ። መድኃኒቱን ከሚያክሙዎት ሐኪሞች አይደብቁ። ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን ከተጀመረለት 50 ሚሊግራሙ በቀን አንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ያላወቀ ሐኪም ይህን ሊያስተካክል አይችልም።

«ተቋማችን በቅርቡ ሊጀምር ነው። ከየት እንጀምር? ወረቀቱንስ መቼ እንተው?» — የጤና ተቋም ኃላፊ

ከካርድ ክፍል ይጀምሩ፤ ስምና ቁጥር ሳይጠራ ሌላው አይከተል። ቀጥሎ ሥር የሰደደ ሕመም የሚከታተለውን አንድ ክሊኒክ ይውሰዱ፤ ታማሚዎቹ በቀጠሮ ስለሚመለሱ ትናንት የተጻፈው ዛሬ ሲያገለግል ሁሉም በዓይኑ ያያል። ክሊኒኩን ከነፋርማሲውና ከነላቦራቶሪው አንድ ላይ ያስገቡ። ሐኪሙ በኮምፒውተር አዝዞ ፋርማሲው ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ ሥራው እጥፍ ይሆናል፣ በሳምንቱም ሐኪሞቹ ወደ ወረቀት ይመለሳሉ።

አሮጌ ካርዶችን በሙሉ ስካን ለማድረግ አይድከሙ። ታማሚው ለቀጠሮ ሲመጣ ምርመራው፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ አለርጂውና የመጨረሻዎቹ ውጤቶች ይግቡ፤ ወረቀቱ በመደርደሪያው ይቆይ። ሐኪም እንዲሞላ የሚገደድበትን ሳጥን ይቀንሱ። ሁሉም ሳጥን ግዴታ ሲሆን ሰው ነጥብ እየተየበ ያልፋል፣ ማስጠንቀቂያም በየደቂቃው ሲጮህ ሳይነበብ ይዘጋል። አለርጂን፣ የተደጋገመ መድኃኒትንና የሕፃን ክብደትን የሚመለከቱት ብቻ ይጩሁ።

ወረቀቱና ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ነው፤ ግማሹ መድኃኒት እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይጻፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚቆምበት ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ፣ በር ላይ ይለጠፍ፤ በዚያ ቀን ጠዋት የትዕዛዝ ወረቀቱ ከጠረጴዛው ተነስቶ ወደ መጠባበቂያው አቃፊ ይግባ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቀጠሮውን ብዛት ቀንሱ፣ ሌሊትም ጭምር የሚያግዝ አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ይመደብ።